የወንበር ሃያ ሦስት ሸኚ

ራሴን በባቡር የሸኘሁ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ እነሱ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። የእኛ አገር ሰው አይስቅም፤ "ስንተኛው ፉርጎ ላይ?" ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ለሌሎቹ ስል ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

እኔ የምኖርበት ላይኛው ከተማና እህቴ የምትኖርበት ታችኛው ከተማ በባቡር የስድስት ሰዓት መንገድ ይራራቃሉ። ባቡሩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ቀትር ላይ ከእኛ ይነሳል፤ እሑድ ይመለሳል። ድሮ የመኪና መንገድ ነበረ። ባቡሩ ሲመረቅ ተሳፋሪ እንዳይሻማበት ተብሎ መንገዱ ተዘጋ፤ አሁን ጎመን ተተክሎበታል። ጎመኑ ያማረ ነው፣ አልክድም።

ትኬትም ድሮ የሚቆረጠው ጣቢያው መስኮት ላይ ነበር። ሰልፉ ግን ረጅም ነበር፣ ሰዉም ይጮህ ነበር። የባቡር ሹማምንት ሰልፉን ከጣቢያው ለማጥፋት ስብሰባ ተቀመጡ፤ በአንድ ድምፅም ሰልፉን ወደ ስልካችን አስገቡት። አሁን ትኬት የሚገኘው በኢንተርኔት ብቻ ነው። እኛም ከልማድ ድረ ገጹን "መስኮቱ" እንለዋለን። ጣቢያው ጭር አለ። ትኬት ቆራጮቹ ከሥራቸው አልተፈናቀሉም፤ ዛሬም ከመስታወቱ ኋላ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው በየስልካቸው ትኬት እየሞከሩ ነው።

መስኮቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለሚቀጥለው ሐሙስ ወንበር ይያዛል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ድንገተኛ ጉዳይ ለገጠመው ሰው ይከፈታል፤ ይኸኛው "የጥድፊያ መስኮት" ይባላል። ሒሳብ የሚከፈለው ከባቡር ሲወርዱ ስለሆነ ወንበር ይዞ መቅረት አያስቀጣም። ስለዚህ ሕዝባችን ዓርብ ዓርብ፣ ምናልባት ዘመድ ይታመም ይሆናል፣ ምናልባት ሰርግ ይጠራ ይሆናል እያለ ወንበር ይይዛል። ላልመጣ ለቅሶ ወንበር የያዘው ስለሚበዛ፣ ለቅሶ የመጣበት ሰው ወንበር ያጣል። ባቡሩ መዝገብ ላይ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ሐዲዱ ላይ ባዶውን ይሄዳል። የባቡር መሥሪያ ቤቱም አንድም ወንበር ሳይተርፈው በመሥራቱ በየዓመቱ ዋንጫ ይሸለማል።

ከዚህ ሁሉ የተረፈን አንድ በረከት አለ፤ "ትኬት አጣሁ" የሚባለው ነገር ነው። በአገራችን ይህን ያለ ሰው ነጻ ነው። ሰርግ የቀረ፣ ዘመዱን ዓመት ሙሉ ያልጠየቀ፣ ልደት የረሳ፣ ሁሉም "ትኬት አጣሁ" ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። መልሶ የሚጠይቅ የለም፤ ቢኖር እንደ ባለጌ ይቆጠራል። አንድ ጎረቤቴ ግድግዳ የምትጋራው አክስቱ ለልጇ ክርስትና ብትጠራው "ትኬት አጣሁ" ብሎ ቀርቷል። አክስቱም "ምን ታደርግ ልጄ" አለችው።

እኔም ይህን ቃል አንድ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። የተናገርኩት ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘርፌ ነበር።

እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ፣ እትዬ አሥራ ስምንቷ ነበር። የሚያገባት ሰው መጥቶ ነበር፤ "ወንድሜ ትምህርቱን እስኪጨርስ ጠብቀኝ" አለችው። ጋሽ ዘነበ ይባላል፤ አሥራ ሦስት ዓመት ጠብቆ አገባት። ከሦስት ዓመት በፊት ረቡዕ ማታ አረፈ። በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የጥድፊያ መስኮት ገባሁ። ወረፋዬ አራት ሺህ ምናምነኛ ነው አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሌላ ነገር ስሠራ ረፈደ። ምሳዬን በላሁ። ከዚያ ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ትኬት አጣሁ።"

ከበስተኋላዋ ለቀስተኛ ይሰማኛል። ከዚያ፣ "ስንት ጊዜ ሞከርክ?" አለችኝ።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው በአገራችን አልሰማሁም። ደነገጥኩ። "ብዙ ጊዜ" አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። ያኮረፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ሰው ትኬት አጣሁ ሲል እንዴት አይታመንም?" እያልኩ ለሰው ሁሉ ስሞታ እነግር ነበር። ሰውም በእሷ ይፈርድባት ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የእትዬ ጎረቤት ወይዘሮ ምንትዋብ ደወሉልኝ።

"አንዳርጌ፣ ዘርፌ ሆስፒታል ተኝታለች። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ትገባለች። ሐኪሙ ልቧ ደካማ ነው፣ ተኝታ ላትነቃም ትችላለች ብሏል። ቤተሰብ ይፈርም ይላሉ፤ እሷ ቤተሰብ የለኝም አለች።"

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

"እኔም እሱን አልኳት። ልደውልለት ወይ ብላት፣ 'ተይው፣ ትኬት የለም ይልሻል' አለችኝ። እኔ ግን አላስቻለኝም።"

ነገ ሐሙስ ነው። ነገ በዚያ ባቡር ካልሄድኩ የሚቀጥለው ባቡር የሚመጣው ኦፕራሲዮኑ ካለፈ ከስድስት ቀን በኋላ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት ከልቤ ፈለግሁ።

በእኛ ሰፈር ሰው የጥድፊያ መስኮት ሲገባ ለብቻው አይተዉትም። በማለዳው ጎረቤት ሁሉ ቤቴ መጣ። አግዳሚ ወንበር ከዕድር ቤት መጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ቆሎ ዞረ። የገባ ሁሉ "እግዜር ያሳካልህ" እያለ ስልኩን አጥፍቶ ሰፌድ ላይ ያስቀምጣል። ኔትወርኩ ለባለጉዳዩ እንዲተርፍ ነው፤ ይህን "ኔትወርክ ማዋጣት" እንለዋለን። ያላዋጣ ሰው የእሱ ቀን ሲደርስ ማንም አያዋጣለትም። ወይዘሮ አጸደ የምትባል ጎረቤቴ፣ ሁለት ስልክ ኖሯት አንዱን ብቻ በማጥፋቷ ሁለት ዓመት ተገልላ የተመለሰችው በቅርቡ ነበር። ያን ቀን ሦስት ስልክ አምጥታ አጠፋች፤ ሦስተኛው የማን እንደሆነ አላውቅም።

ስልኩን የሚነካው አቶ ቦጋለ ነው። አቶ ቦጋለ ልብስ ሰፊ ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ጣተኛ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት ለባለጉዳዩ የሚጫንለት እሱ ነው። ያን ቀን ሰው አይጨብጥም፣ በትከሻው ነው ሰላምታ የሚሰጠው። አውራ ጣቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣና ሦስት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ፈታው። ቆሎ የሚያኝኩትም አቆሙ።

"ተከፈተ" አለ።

መጀመሪያ ወረፋ መጣ፤ ሁለት ሺህ ስምንት መቶኛ ነበርን። አቶ ቦጋለ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ገባን። መስኮቱ የጉዳዩን ዓይነት ጠየቀ፤ ሞት፣ ሕመም፣ ሰርግ፣ ናፍቆት የሚሉ ምርጫዎች ነበሩ። ናፍቆት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ሕመምን መረጥን። "ሕመምተኛው እንደሚታመም ከሳምንት በፊት ለምን አላወቁም?" አለ። "አንነጋገርም ነበር" አስጻፍኩት። ከዚያ ዘጠኝ ፎቶዎች መጡ፤ "እውነተኛ ጥድፊያ ያለባቸውን ይምረጡ" ይላል። በአንዱ ሰው ይሮጣል፣ በአንዱ ሴትዮ ድስት እያማሰለች ነው፣ በአንዱ ሽማግሌ አልጋ ላይ ተኝቷል። አቶ ቦጋለ የሚሮጠውን መረጠ። ተሳስተናል ተባልን፤ የሚሮጠው ለስፖርት ነው። ቤቱ ሁሉ ተከራከረ። አንድ ሽማግሌ "የተኛውን ምረጥ፣ እሱ ነው የቸኮለው" አሉ። ልክ ሆኑ።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አቶ ቦጋለ ስሜን ጻፈ፤ አንዳርጌ ቢሻው። ጣቱን አንስቶ ተማተበና ተጫነ። ገጹ ነጭ ሆነ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ፤ ጽሑፍ መጣ።

"መልካም መንገድ፣ አቶ አንዳርጌ ቢሻው!"

ወይዘሮ አጸደ እልል አለች። ሰዉ ተቃቀፈ። አቶ ቦጋለ ብቻ አልተነሳም፤ ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ያነባል። "በዚህ ስም በዛሬው ባቡር የተያዘ ወንበር አለ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊሳፈር አይችልም ይላል" አለ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መልካም መንገድ ተመኘልን። አራት ሰዓት ሞላና መስኮቱ ተዘጋ።

"ይዘህ ነበር እንዴ?" አለኝ አቶ ቦጋለ።

"እኔ? በሕይወቴ ይዤ አላውቅም።"

ጎረቤቶቼ ስልካቸውን ከሰፌዱ እያነሱ፣ በሀዘኔታ ጀርባዬን እየመቱኝ ወጡ። "ትኬት አጣሁ በላት፣ ምን ታደርጋለህ" አሉኝ። እኔ ግን አልደወልኩላትም።

ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያየው የተሳፋሪ እውነታ አጣሪ የሚባል ሹም ነው። ሁለት እስክሪብቶ በኪሱ የሰካ፣ ትሑት ሰው ነው። ስሜን ስነግረው ከወንበሩ ብድግ አለ።

"አቶ አንዳርጌ! እርስዎን በአካል ማየት ክብር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሙስ ያላጓደሉ መንገደኛ እኮ ነዎት። ቋሚ መንገደኛ ብለን የምስክር ወረቀት አዘጋጅተንልዎታል።"

"እኔ በዚህ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም" አልኩት።

"ትሕትናዎን አደንቃለሁ።"

"እውነቴን ነው። ዛሬ ግን መሳፈር አለብኝ። እህቴ ታማለች።"

"ታዲያ ምን ቸገረዎት? ወንበር ሃያ ሦስት፣ አራተኛው ፉርጎ። ተይዟል።"

"ማን ነው የያዘው?"

"እርስዎ።"

"እኔ አልያዝኩም እያልኩዎት ነው። በስሜ የያዘ ሌላ ሰው አለ።"

ሹሙ መዝገቡን አየ። "ማን እንደያዘልዎት መናገር አንችልም፤ ምሥጢር ነው። የመሳፈሪያው ቁጥር ወደ ያዘው ሰው ስልክ ተልኳል። ቁጥሩን ካመጡ ይሳፈራሉ።"

"ቁጥሩ የለኝም።"

"እንግዲያው እርስዎ አቶ አንዳርጌ አይደሉም።"

"አሁን አይተውኝ ተነስተው ነበር እኮ!"

"የተነሳሁት ለአቶ አንዳርጌ ነው" አለና ተቀመጠ።

መታወቂያዬን አወጣሁ። አገላብጦ አየው። "ይህ የሚያስረዳው ይህ ስም ያለው ሰው መኖሩን ነው፤ እሱን እኛም አልካድንም። ወንበሩን ያለአግባብ ይዞብኛል ካሉ ክስ ማቅረብ ይችላሉ። ከሳሽና ተከሳሽ አብረው መቅረብ አለባቸው። እርስዎ አሉ፤ አቶ አንዳርጌን ይዘው ይምጡ" አለኝ።

ጮህኩ። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩም። እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ግን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፣ ባቡሩም ከመስኮቱ ውጭ ሲያፏጭ ይሰማኝ ነበር። ሹሙ ውሃ ሰጠኝ፤ የምስክር ወረቀቱንም ለአቶ አንዳርጌ እንዳደርስለት አደራ አለኝ።

ስወጣ በኮሪደሩ ጫፍ ከተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሠራተኛ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከፊታቸው ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ "የሸኚ ጉዳይ" የሚል ጽሑፍ አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ። በጣቢያው ወረቀት የቀረው የእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ሲገባ ስለ ሸኚ ያስታወሰ ስላልነበረ የድሮው ደንብ እንዳለ ቀርቷል።

"ና ልጄ፣ አትንጫጫ" አሉኝ። "ወንበር የያዘ መንገደኛ አንድ ሸኚ ይፈቀድለታል። ሸኚ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይሄዳል፤ ግን አይቀመጥም። ማንን ነው የምትሸኘው?"

"አንዳርጌ ቢሻውን" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከእኔ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር የሰሙ ይመስላሉ። ጻፉ።

"ዝምድና?"

"ራሴ።"

"ራሴ የሚል የለም። አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ እህት፣ ወንድም ነው ያለው።"

"ምን ልበል?"

"ወንድም በል" አሉና ጽፈው ማኅተም መቱልኝ። "በል ሩጥ። ደኅና አድርገህ ሸኘው።"

አራተኛው ፉርጎ ውስጥ ስገባ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ስልሳ ወንበር አለ፤ በየራስጌው የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ካርቶን ተሰክቷል። የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሰባት ሰዎች ግን መተላለፊያው ላይ ቆመዋል፤ አንዱ አራስ ሊጠይቅ ስለሚሄድ የአጥሚት እህል ታቅፏል፣ አንዷ ጥቁር ለብሳለች። ሁሉም እንደ እኔ የሸኚ ወረቀት ይዘዋል። እርስ በርስ ራስ በመነቅነቅ ሰላም ተባባልን። ማንን እንደሚሸኝ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ሃያ ሦስት መስኮት ዳር ነበር። ጥሩ ወንበር ነው፣ ቀይ ቆዳ፣ ሰው ነክቶት የማያውቅ። "አንዳርጌ ቢሻው" ይላል ካርቶኑ። አጠገቡ ቆምኩ።

ትኬት ተቆጣጣሪው ትልቅ መዝገብ ይዞ መጣ። በወንበር ቁጥር ስም ይጠራል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ "አለ" ብሎ ይጽፋል። የሚመልስ የለም። ሸኚ መመለስ ክልክል ነው። ሃያ ሦስት ላይ ደረሰ።

"አንዳርጌ ቢሻው!"

ምላሴን ነከስኩ። ተቆጣጣሪው ባዶውን ወንበር አየና "አለ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ የእኔን ወረቀት ተመለከተ።

"የዚህ ሰውዬ ሸኚ ነህ? ይገርማል! ሌሎቹ እንኳ በዓመት አንድ ቀን ብቅ ይላሉ፤ ይኼ ሰውዬ ሦስት ዓመት ወንበር ተይዞለት አንድም ቀን አልመጣ። ታውቀዋለህ?"

"ትንሽ አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው መልእክት አድርስልኝ። ታችኛው ከተማ አንዲት ሴትዮ አሉ። ሐሙስ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባቡሩን ይጠብቃሉ። ሰው ወርዶ እስኪያልቅ ይቆሙና ወደ እኔ መጥተው 'ሃያ ሦስት ወረደ?' ይሉኛል። 'አልወረደም እማማ' እላቸዋለሁ። 'ወንበሩስ ነበረ?' ይሉኛል። 'ነበረ' እላቸዋለሁ። 'እንግዲህ ትኬት አጣሁ አይለኝም' ይሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ። ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ። ባለፈው ሐሙስ ብቻ ቀሩ፤ ምን ነክቷቸው እንደሆነ እንጃ።"

የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ። መቶ ሃምሳ ስድስት ሐሙስ አለ በሦስት ዓመት ውስጥ። እኔ ስሟን ለሰው ሳጠፋ፣ እሷ ዓርብ ዓርብ በሦስት ሰዓት ስሜን ትጽፍ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምኑ?"

"አንዳርጌ ቢሻው እኔ ነኝ። ወንበሩ የእኔ ነው።"

ተቆጣጣሪው ወረቀቴን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ መዝገቡን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊረዳኝ እየሞከረ እንደነበር ከፊቱ አይቻለሁ።

"አንተ ተሳፋሪው ከሆንክ፣ ሸኚው የት ሄደ?" አለኝ።

"እኔው ነኝ።"

"አይሆንም። ከተቀመጥክ አንድ ሸኚ ይጎድለኛል። ሸኚ ከጎደለ ባቡር አቁሞ መፈለግ ደንብ ነው። አምና አንድ ሸኚ ጎድሎ ሁለት ቀን ቆመን ፈልገናል።"

"ተገኘ?"

"ወንበር ላይ ተቀምጦ ተገኘ።"

ሁለት ቀን አልነበረኝም። ስለዚህ እስከ ታችኛው ከተማ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ አጠገብ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ባቡሩ ሲንገጫገጭ እጄ ወንበሩ ላይ አረፈ፤ ተቆጣጣሪው አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ጣቢያው ላይ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ዘርፌ ከስታ፣ ፊቷ ትንሽ ሆኖ፣ ትራስ ተደግፋ አገኘኋት። በሩ ላይ ስቆም መነጽሯን ፈልጋ አደረገች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

"በምን መጣህ?"

"በባቡር።"

"ትኬት አገኘህ?"

"ተይዞልኝ ነበር" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጋው ጫፍ ላይ ልቀመጥ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝና አነከስኩ።

"እግርህ ምን ሆነ?"

"ቆሜ ነው የመጣሁት።"

"ምነው? ወንበር ይዤልህ!"

ከሥሩ ነገርኳት። የሚሮጠው ለስፖርት እንደሆነ፣ አቶ አንዳርጌን ይዘህ ና እንደተባልኩ፣ ወንድሜን እየሸኘሁ እንደመጣሁ። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ተው፣ አታስቀኝ፣ ያመኛል" እያለች ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት ሦስት ዓመት የተሸከምኩትን አወጣሁት።

"እትዬ፣ ያኔ የሞከርኩት አንድ ጊዜ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ድምፅህ የጠገበ ሰው ድምፅ ነበር" አለችኝ።

እጇን ያዝኩ፤ አልነጠቀችኝም። ነርሷ የስምምነት ወረቀት አመጣችና ፈረምኩ። ዝምድና በሚለው ቦታ፣ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ወንድም ተባለ። የአሁኑን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት ከትራሷ ሥር ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ።

"ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ይከፈታል። እንዳያመልጥህ" አለችኝ።

"ለማን ነው የምይዘው?"

"ለአንተ ነዋ! የሚቀጥለው ሐሙስስ?"

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ኔትወርክ የሚያዋጣ ጎረቤት፣ ጣተኛ፣ ቆሎ የለም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ከፈትኩ። ወደ ታችኛው ከተማ፣ ሐሙስ፣ አንዳርጌ ቢሻው ብዬ ጻፍኩና ተጫንኩ። ያዘልኝ። ወንበር ሃያ ሦስት። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ደቂቃ ነበር የፈጀው። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ያን አራት ደቂቃ ሳስበው አፈርኩ፤ ብቻዬን፣ ጆሮዬ ድረስ እየጋለ አፈርኩ።

ጥበቃው ረዘመ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በሩ ተከፈተና ነርሷ ወረቀት ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር።

"የወይዘሮ ዘርፌ ቢሻው ቤተሰብ አለ?"

"አለሁ!" አልኩና ተነሳሁ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ስለወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ነቅታለች" አለችኝ ነርሷ። "ዓይኗን ከመግለጧ 'ያዘው ወይ? ያዘው ወይ?' ትላለች። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም።"

"ይዞታል በያት" አልኳት።